ጋሽ አያሌው ኮከብ የለኩበት በቆሎ

ንገሪን ያሉኝ ልጆቹ ናቸው፤ የልጅ ልጆቼን ማለቴ ነው። ባለፈው ሳምንት ከወሎ ስልክ ተደውሎ ጋሽ አያሌው ማረፋቸውን ስሰማ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ከማንጎው ሥር ሄጄ ተቀመጥኩ። መጥተው ከበቡኝ።

«ማን ሞቶ ነው፣ እማማ?»

«ተከራያችን የነበሩ ሰው።»

«ለተከራይ እንዲህ ይለቀሳል እንዴ?» አለች ትንሿ። አልፈረድኩባትም። ሰውየው ከዚህ ግቢ ሲወጡ እሷ ገና አልተወለደችም።

በቃል ልነግራቸው ጀመርኩና አልሆነልኝም። እኔ ስናገር መንገድ እስታለሁ፤ ስለ አንዱ ስጀምር ሌላው ትዝ ይለኛል፣ ልጆቹም ያዛጋሉ። ስለዚህ ልጻፈው አልኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ ነው፤ አማርኛውን ደግሞ ከጨንቻ ወርጄ ሲቀላ ገበያ ነጭ ሽንኩርት ስሸጥ ከደንበኛ አፍ ለቀምኩት። እሱና እሷ ቢምታቱብኝ እንደምንም ብላችሁ እለፉኝ።

ጋሽ አያሌው ወደ እኛ ግቢ፣ ወደ ሴቻ የመጡት ከሚሊኒየሙ ሦስት አራት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ጡረታ የወጡ የአየር ጠባይ ታዛቢ ነበሩ፤ ዝናብ ስንት እንደዘነበ፣ ሙቀቱ ስንት እንደደረሰ እየለካ የሚጽፍ ሠራተኛ ማለት ነው። በወጣትነታቸው ከወሎ ወጥተው ከጣቢያ ጣቢያ ሲዛወሩ ኖረው መጨረሻቸው አርባ ምንጭ ሆነ። ሚስታቸው ሞተውባቸዋል፣ ልጅ አልነበራቸውም። ረጅም፣ ቀጭን፣ በዚህ ሁሉ ሙቀት ኮታቸውን የማያወልቁ ሰው። በደረት ኪሳቸው ሁለት እስክሪብቶ ይሰካሉ፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ቀይ። ነገር ከመናገራቸው በፊት ኪሱን ዳሰስ ያደርጉታል፣ እስክሪብቶዎቹ መኖራቸውን ሳያረጋግጡ አፋቸው የማይከፈት ይመስል።

ጡረታ ወጡ እንጂ መለካቱን አልተዉም። ግቢው መሀል እንጨት ተክለው ጣሳ አሰሩበት፤ በየቀኑ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሄደው ውስጡን ያዩታል። በክረምትም በበጋም።

«ጋሼ፣ ትናንት እኮ አልዘነበም። ምን ሊያዩ ይሄዳሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን።

ኪሳቸውን ዳሰስ አደረጉ። «አለመዝነቡን ነዋ። እሱም ይጻፋል፣ ወይዘሮ ባሎቴ።»

«ያዩትን ይጻፉ» ይሉ ነበር ሁልጊዜ። «ካላዩ ባዶውን ይተዉት። ዜሮና ባዶ አንድ አይደሉም።» ከተሳሳቱም አይደልዙም፤ በቀዩ እስክሪብቶ አንድ መስመር ብቻ ያሰምሩበታል፣ ስህተቱ ከሥሩ እንዲነበብ። አንድ የሥራ ባልደረባቸው ነበር አሉ፤ ሳምንት ሙሉ አልጋው ላይ ተኝቶ አምስት፣ ስምንት፣ ዜሮ እያለ ዝናቡን ከራሱ ሲጽፍ የከረመ። ኋላ ሲታይ፣ ዜሮ ብሎ በጻፈበት ቀን የኩልፎ ወንዝ ሞልቶ የሰው ሙዝ ጠርጎ ወስዷል። ይህን ሲያወሩ ሁላችንም እንስቃለን። እሳቸው ግን አይስቁም።

እንግዲህ ሚሊኒየሙ በተከበረበት ዓመት ነው፣ አንድ የድሮ ጓደኛቸው ከአዲስ አበባ ወረቀት ላከላቸው። በወረቀቱ ላይ ሰባት ሥዕሎች በተርታ አሉ። ሁሉም ያው አንድ የሰማይ ቁራጭ ነው፤ ሦስት ኮከቦች በአንድ መስመር የተሰለፉበት፣ በጥር ማታ ማታ አናታችን ላይ የሚቆመው። የመጀመሪያው ሥዕል ላይ ኮከቦቹ ጥቂት ናቸው፣ ሰባተኛው ላይ እንደተበተነ ጤፍ ናቸው። ጨረቃ በሌለችበት ሳምንት፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ደጅ ወጥተው፣ ዓይን ጨለማውን እስኪለምድ ቆመው ወደ ላይ ያዩና የትኛውን ሥዕል እንደሚመስል ቁጥሩን ይጽፋሉ። በቃ። በየአገሩ ያለ ተራ ሰው፣ ገበሬም ተማሪም፣ ከየደጁ እንዲሁ እያየ ይልካል አሉ። ያን ሁሉ ሰብስበው የከተማ መብራት ሰማዩን ምን ያህል እንደጋረደው ያውቁበታል።

«መብራት ደግሞ ኮከብ ይጋርዳል?» አልኩ።

«በቀን ኮከብ ያያሉ?»

«አላይም።»

«የት ሄደው ነው?»

እውነቴን ነው፣ እስከዚያ ቀን ድረስ አስቤው አላውቅም ነበር።

«እዚያው ናቸው። ፀሐይ ሸፍናቸው ነው። አምፖልም በትንሹ እንደዚያው ያደርጋል።» ከዚያ ኪሳቸውን ዳሰስ አድርገው፣ «ሁለተኛ ታዛቢ ያስፈልገኛል» አሉ። «አንድ ሰው ብቻውን ይሳሳታል።»

«እኔ ያልተማርኩት?»

«ሥዕል ነው እንጂ ፊደል አይደለም። ጥጥ ሲፈትሉ አይቻለሁ፤ ያን ቀጭን ክር የሚያይ ዓይን ይበቃኛል።»

አለካካችን እንዲህ ነበር። አንዳችን የአንዳችንን ቁጥር ቀድመን እንዳንሰማ በቆሎ እንይዛለን። አራተኛውን ሥዕል ከመሰለኝ አራት ፍሬ በቀኝ እጄ እጨብጣለሁ፤ እሳቸውም የራሳቸውን። ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ይሉና እኩል እንዘረጋለን። ባትሪያቸውን በቀይ ፌስታል ሸፍነውታል፣ ዓይን እንዳይወጋ። በዚያ ቀይ ብርሃን መዳፋችንን አይተው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ይጽፋሉ። ቅዳሜ ሲቀላ ወርደው ከኢንተርኔት ቤት ይልኩታል። የመጀመሪያው ዓመት እሳቸውም አምስት፣ እኔም አምስት። እንዴት ደስ እንዳላቸው።

ሰፈሩ ግን ጉድ አለ። ማታ ማታ ሽቅብ የሚያይ ሽማግሌ ሲገኝ ምን ይባላል? ጠንቋይ ነው ተባለ። አንዲት ሴት ከጫኖ ድረስ ሙዝ ተሸክማ፣ ፍየሌን ማን እንደወሰዳት እዩልኝ ብላ መጣች። ጋሽ አያሌው ወንበር ሰጧት፣ ውሃ ሰጧት። «ልጄ፣ እኔ ኮከቦቹን የማያቸው ለራሳቸው ስል ነው። ስለ ፍየል ነግረውኝ አያውቁም» አሏት። ሴትየዋ ሙዙን ትታ ሄደች። በሳምንቱ ፍየሏ ተገኘችና የባሰ ታመነባቸው።

ከመንገዱ ማዶ ግሮሰሪ ያላት እትዬ ጽጌ ደግሞ ምላሷ አያርፍም። «ጋሽ አያሌው፣ ዛሬስ ስንት ተገኘ? የጎደለ ካለ ይንገሩኝ፣ እኔ ቤት ተሸሽጎ ይሆናል» ትላቸዋለች። ከበሯ በላይ ትልቅ አምፖል ሰቅላለች፤ እኛ ግቢ ድረስ ዶሮ ያነቃል። አንድ ቀን ሄደው ለመኗት።

«እትዬ ጽጌ፣ ግማሹ ብርሃንዎ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ሰማይ ቢራ አይጠጣም።»

«አምፖሉን አጥፊ ነው የሚሉኝ? ከዚያ የሰከረው ሁሉ ቦይ ሲገባ ማን ያወጣዋል?»

«አጥፊ አላልኩም። ባርኔጣ ላድርግለት ነው ያልኩት።»

ከዘይት ቆርቆሮ ቆርጠው በእጃቸው ሠሩላት። ብርሃኑ ሁሉ ወደ ጠረጴዛዎቹ ወረደና ጠጪው፣ ጽጌ አምፖል ጨመረች አለ። ያን ባርኔጣ እስከ ዛሬ አላወረደችውም።

እንዲህ እንዲህ እያለ መንገዱ ላይ ምሰሶ ተተከለ፣ ከታች ሲቀላ ሕንጻው በዛ። አምስት የነበረው አራት ሆነ፤ የእሳቸውም አራት፣ የኔም አራት። ጋሽ አያሌው ቅር አላቸው እንጂ አልደነገጡም። «እንግዲህ ይኸው ነው የምንለካው» አሉ።

የሚያስደነግጣቸውን ነገር የነገሩኝ በዚያ ሰሞን ነው። ቆጮ ሠርቼ እራት ጠርቻቸው ነበር፤ ስለ ልጅነታቸው ጠየቅኳቸው። አባታቸው ዓይነ ስውር ነበሩ። በስልሳ ዓመታቸው ገደማ ቀስ በቀስ ጠፋባቸው፤ መጀመሪያ ከጎን የሚመጣው፣ ከዚያ ማታ ማታ፣ ከዚያ ሁሉም።

«የአባቴን ዘንግ ጫፍ ይዤ ስመራ ነው ያደግሁት» አሉ። «አንድ ነገር ብቻ ነው የምፈራው፣ ወይዘሮ ባሎቴ። በሰው እጅ መመራት።»

ያኔ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር።

እኔ ደግሞ ያየሁትን አይቻለሁ። የልብስ ማስጫውን ምሰሶ ሁለቴ ገጭተውታል። ከጎናቸው እጄን ዘርግቼ ሰላም ስል አያዩኝም። ሲኒያቸውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡ መስሏቸው አየር ላይ ለቀውት ያውቃሉ። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ በጥር፣ በጨለማው ሳምንት ወጣን። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለን ዘረጋን። የኔ አራት ነበር። የእሳቸው ሦስት።

ባትሪውን ወደ መዳፌ አስጠጉ። «አራት?» አሉ።

«አራት መሰለኝ፣ ጋሼ።»

ጻፉት። ድምፃቸው ግን ሌላ ሆነ። «አንድ ልኬት ምንም አይደለም» አሉ። «በየካቲት እንደግመዋለን። ልዩነቱ ከደገመ ችግሩ ከሰማዩ ሳይሆን ከኔ ነው፤ አዲስ አበባ ለዓይኔ እሄዳለሁ። አንድ ከሆንን ግን ከተማው ነው።»

ያን ወር ሙሉ ሰውየው ሰው አልሆኑም። ያቀረብኩላቸውን አይበሉም። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ከኩሽና ብቅ ብል፣ ዓይናቸውን ጨፍነው በግቢው ይሄዳሉ። ከክፍላቸው በር እስከ ቧንቧው። እርምጃቸውን ይቆጥራሉ፤ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። ቧንቧውን ሲነኩት ዓይናቸውን ሳይገልጡ ተመልሰው ይጀምራሉ። ልምምድ ነበር። ያን አይቼ ወደ ውስጥ ተመለስኩና ሽንኩርት እየከተፍኩ አለቀስኩ፤ ማንም ምን ሆንሽ እንዳይለኝ።

ያን ጊዜ ምን እንዳሰብኩ በእውነት ልጻፈው። አክስቴ ለዓይኗ ሩቅ አገር ሄዳ ስትመለስ በሰው እጅ ተይዛ ነበር። ከዓይን ሐኪም ዘንድ የመጣ የምሥራች ሰምቼ አላውቅም። ቢሄዱ፣ ይታወራሉ ብሎ ይነግራቸዋል፤ ከዚያ ያችኑ ቀን እየጠበቁ ይኖራሉ። የሚመጣ ከሆነ ሳይፈሩ ይምጣባቸው አልኩ። አንድ ዓመትም ቢሆን፣ ሁለት ዓመትም ቢሆን እፎይ ብለው ይኑሩ።

በየካቲት ወጣን። ሰማዩ ያው አራት ነው። አራት ፍሬ ጨበጥኩ። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ሲሉ እሳቸው ዘረጉ፣ እኔ አንዲት ትንፋሽ ዘገየሁ። ቀዩ ብርሃን መዳፋቸው ላይ ወደቀ። ሦስት። ጣቶቼን ላላ አደረግኩና አንዷ ፍሬ በነጠላዬ ላይ ተንሸራታ ሣሩ ውስጥ ገባች። ከዚያ ዘረጋሁ።

«ሦስት» አሉ።

«ሦስት ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው ከተማው ነው» አሉና ሳቁ። እንደዚያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ በእጃቸው ማንጎውን ተደግፈው። ያን ማታ ሁለት ጊዜ አስጨምረው በሉ።

ሰው እንዲህ አድርጌ አስደስቼ አላውቅም ነበርና እኔም ደስ አለኝ። ይኼንንም መጻፍ አለብኝ።

አዲስ አበባ መሄዱ ቀረ። በምትኩ ለማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ ጻፉ፤ የልኬቱን ሠንጠረዥ አያይዘው፣ የመንገድ መብራቶች ባርኔጣ እንዲደረግላቸው። ጸሐፊው ልጅ ደብዳቤውን አገላብጦ አይቶ፣ «አባባ፣ ሌላው ሰው መብራት ጨምሩልን ይላል፣ አንቱ ቀንሱ ይላሉ» አላቸው። «ቀንሱ አላልኩም» ብለው ሲመልሱለት ቆሜ ሰምቻለሁ። በየወሩ እየሄዱ ጠየቁ። እኔ ደግሞ ሠንጠረዡ ውስጥ የኔ ውሸት እንዳለ እያወቅሁ አብሬ እሄድ ነበር። ቆሻሻ ነገር ነው። እሳቸው አንድ ቀን እንኳ ያላየሁትን አልጽፍም የሚሉ ሰው፣ የኔን ሐሰት በንጹሕ እጅ ጽሑፋቸው እየገለበጡ ለዓለም ላኩት።

በሚያዝያ ዝናቡ ሲመጣ፣ ማታ ማታ የምቆምበት አጥር ሥር በቆሎ በቀለ። ሦስት አራት ቡቃያ፤ ከየካቲት ወዲህ በየልኬቱ አንድ አንድ የጣልኳቸው ፍሬዎች ናቸው። ጠዋት ሳያዩ ነቀልኩት። በነጋታው ሌላ ብቅ አለ፣ እሱንም ነቀልኩት። ከዚያ ወዲያ የምጥለውን ፍሬ በነጠላዬ ጫፍ መያዝ ለመድኩ።

የባሰው የመጣው በተከታዩ ዓመት በመጋቢት ነው። መብራት በፈረቃ የሆነበት ዓመት ነበር። መብራት ሲጠፋ ሰው ሁሉ ይራገማል፣ ጋሽ አያሌው ግን ኮታቸውን ቆልፈው ይወጣሉ፤ ያለ መብራት ሰማዩ ምን እንደሚመስል የሚለኩት ያኔ ነዋ። ያን ማታ ጠቅላላ ከተማው ጠፋ። ሴቻም ሲቀላም፣ እስከ ሐይቁ ድረስ አንድ የሚበራ ነገር የለም። እትዬ ጽጌ ግሮሰሪዋን ዘግታ ሻማ ይዛ መጣች።

«ሻማውን ያጥፉልኝ፣ እትዬ ጽጌ። ዓይናችን ይልመድ» አሉ።

አጠፋችው። ዝም ብለን ቆምን። ቀስ በቀስ ሰማዩ ወጣ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። በልጅነቴ ጨንቻ ላይ ያየሁት ሰማይ ነው፤ የመሰለኝን ያህል ብጨብጥ ስድስት ፍሬ ሆነ።

«ወይ ጉድ፣ ይሄ ሁሉ የት ነበረ?» አለች ጽጌ።

ጋሽ አያሌው ፊታቸውን ወደ እሷ አዞሩ። «ምን አዩ?»

እግሯን ረገጥኳት። አጥብቄ ነው የረገጥኳት። በጨለማው ውስጥ ወደኔ ዞረች፣ ፊቴን አላየችም፣ ግን ገባት መሰለኝ።

«ኧረ እኔ ምን አውቄ» አለች። «ጨለማው ነው ያስገረመኝ።»

«አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።»

ዘረጉ። ሦስት። እኔ ሦስቱን በነጠላዬ ጫፍ ይዤ ሦስቱን አሳየሁ።

ባትሪውን አላጠፉም። «በዚህ ጨለማ ሦስት?» አሉ። «መብራት በሌለበት?»

አሁን መናገር እችል ነበር። በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። ጋሽ አያሌው በቀዩ ብርሃን መዳፌን ያያሉ።

«ጭጋግ አለ፣ ጋሼ» አልኩ። «ስስ ጭጋግ። ከአባያ በኩል የመጣ።»

እስክሪብቷቸውን አውጥተው ጭጋግ ብለው ጻፉ። ያላዩትን ነገር ሲጽፉ ያየኋቸው ያን ጊዜ ብቻ ነው። እኔ አየሁ ስላልኩ ጻፉት።

ጽጌን እስከ በር ሸኘኋት። «ምነው ባሎቴ» አለችኝ፣ «ሰማዩ እኮ ጥርት ያለ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ቢጠይቁሽ አንቺም ሦስት በይ።»

ሻማዋን ለኮሰችና ፊቴን አይታ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ግቢው ሁሉ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሦስት አለ። ማንም አልመከረበትም፣ ከአንዱ ወደ አንዱ ሄደ። ስለምንወዳቸው ነበር። ሽማግሌ ፊት ቆሞ፣ የምታየው ጠፍቶብሃል እንጂ እኛ እናየዋለን ማለት ማን አፍ አለው?

በተከታዩ ዓመት የእሳቸው ሁለት ሆነ፤ እኔም ሁለት አልኩ። ከዚያ መለኪያውን ጣሳ በጣታቸው መዳሰስ ጀመሩ፤ ዝናቡ እስከ የትኛው የጣታቸው አንጓ እንደደረሰ እየነገሩኝ እኔ እጽፍላቸዋለሁ። ከክፍላቸው እስከ ቧንቧው አሥራ ስምንት እርምጃ ነው፤ ተለማምደውታልና አልተሰናከሉም። አንድ ጠዋት በር ላይ ቆመው «ነግቷል?» ብለው ጠየቁኝ። ፀሐይዋ ፊታቸው ላይ ነበረች።

የእህታቸው ልጅ ዘነበች ከወሎ ልትወስዳቸው ስትመጣ ታኅሣሥ ነበር። ከመሄዳቸው በፊት በነበረው ማታ፣ «እንውጣ» አሉኝ። «እርስዎ ይዩልኝና ፍሬዎቹን በእጄ ያድርጉልኝ።»

ወጣን። ክንዳቸውን ያዝኩ። እንዲህ መያዝን ነበር የፈሩት፤ ምንም አላሉም። የእትዬ ጽጌ አምፖል በርቷል፣ የመንገዱ ምሰሶዎች በርተዋል። ቀና አልኩ። ያው አራት ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ያው አራት። ሁለት ልይዝ ነበር። ጣቶቼ እንቢ አሉኝ። አራቱን ፍሬ መዳፋቸው ላይ አፈሰስኩት።

በአውራ ጣታቸው አንድ በአንድ ቆጠሩት። እንደገና ቆጠሩት።

«መብራት አለ?»

«አለ።»

«የእትዬ ጽጌም?»

«በርቷል፣ ጋሼ።»

ከዚያ በኋላ የነበረውን ዝምታ ዛሬም ጨረቃ በሌለበት ሳምንት ደጅ ስወጣ እሰማዋለሁ። ልጆቹ የምጸልይ ይመስላቸዋል። አጠገቤ የቆመ ሰው ያለ ይመስለኛል፤ የኮት ሽታ አለው። የሚለው ነገር የለም፣ በቆሎውን እየቆጠረ ነው።

ጋሽ አያሌው ፍሬዎቹን አንድ በአንድ ወደ መዳፌ መለሱና ጣቶቼን ራሳቸው አጠፉልኝ። «አራት ብለው ይጻፉ» አሉ። «የእርስዎን ብቻ። በኔ በኩል ያለውን ባዶ ይተዉት።»

«ያለፉትንስ? ልሰርዛቸው?» አልኩ።

ኪሳቸውን ዳሰስ አደረጉ። «ያለፉትን አይንኩ» አሉ። «ያኔ ያልነው እሱን ነው።»

ጠዋት ዘነበች ክንዳቸውን ይዛ አውቶቡስ ላይ አወጣቻቸው፤ ከመስኮቱ እኔ ወዳልቆምኩበት ወገን እጃቸውን አውለበለቡ።

ከሄዱ አራት ዓመት ያህል ሆኖት ዓይኔ እንባ እያቆረ አስቸገረኝና ልጄ ለምርመራ ወሰደችኝ፤ እዚሁ ከተማ ውስጥ። ተራ ስጠብቅ ከፊቴ አንድ ጎልማሳ ነበር። ነርሷ ትንሽ ብልቃጥ ሰጠችው። «ጠዋትና ማታ አንድ አንድ ጠብታ፣ እንዳታቋርጥ» አለችው። «የአባትህ እንዳይደርስብህ።»

ተራዬ ሲደርስ የኔን ዓይን ትቼ ስለ እሱ ጠየቅኳት። ደግ ልጅ ነች፣ አስረዳችኝ። በዘር የሚሄድ በሽታ ነው፤ መጀመሪያ የጎኑን ይወስዳል፣ ከዚያ የማታውን፣ ከዚያ ሁሉንም። የወሰደውን አይመልስም። ግን በጊዜ ከመጡ ጠብታው ያስቆመዋል፤ ቀሪውን ዕድሜ በቀረው ዓይን ማየት ይቻላል።

«ሁለት ሦስት ዓመት የዘገየ ሰውስ?» አልኳት።

«ለዚህ በሽታ ሦስት ዓመት ብዙ ነው፣ እማማ።»

እጄን ጨብጬ ተቀመጥኩ። ከዚያ አንድ ተስፋ መጣልኝና፣ «ይሄ መድኃኒት አዲስ የመጣ ነው አይደል?» አልኳት። «የዛሬ ሰባት ስምንት ዓመት አልነበረም።»

ነርሷ ወደ መደርደሪያው ዞር ብላ አየችው።

«ኧረ ነበረ» አለች። «እኔ እዚህ ሥራ ስጀምር፣ አሥር ዓመት አለፈው፣ እዚሁ ቦታ ላይ ነበረ።»